የተቀጠለው ሰደፍ

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 6

ከዜሮ በታች ሃያ ሰባት። መኪናዋ በሦስተኛው ሙከራ ተነሣች። ተመስገን።

ዛሬ የመወልወል ተራው የቁጥር ዘጠኝ ጠመንጃዬ ነበር። ሰደፉ እንደ ኮምፔንሳቶ ከስስ እንጨት የተደራረበ ነው፣ ከላዩ ያ ቀዩ የሩሲያ ቨርኒሽ አለ። የፋብሪካው ማኅተም አሁንም ይነበባል። ስንቱ ጅል በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ፍቆ "አሳመርኩት" እያለ ማኅተሙን አጥፍቶታል... የኔ እንዳለ ነው።

ሂልካ በበሩ አንገቷን አስግጋ "የኔን ጀርባ እንደዚህ አሽተህ ታውቃለህ?" አለችኝ። አርባ አራት ዓመት በትዳር ኖረናል፣ እኔ ግን መወልወሌን ቀጠልኩ። በኋላ ሳስበው ለካ እውነቷን ነው።

ሰው ይጠይቀኛል፣ "አሥራ አራት አንድ ዓይነት ጠመንጃ ምን ይሠራልሃል?" እያለ። አንድ ዓይነት? ብረቱ አዎ። እንጨቱስ? ይሄ ነጣ ያለው በርች፣ ያኛው ጠቆር ያለው ዋልነት። የአንዱ የማንገቻ ቀዳዳ በነሐስ የታሰረ፣ የሌላው በቆርቆሮ። አንዱ ጦር ሜዳ ተሰንጥቆ እዚያው በሽብልቅ የተጠገነ። ሁሉም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከሩሲያኖች የተማረኩ፣ በኋላ የኛ የፊንላንድ ሠራዊት ተርፈውኛል ብሎ የሸጣቸው ናቸው። ከተኮስኩባቸው ስንት ዓመቴ... ሠላሳ ስድስት ዓመት ወንበር ፋብሪካ አናጺ የነበረ ሰው ነኝ። የምሰበስበው እንጨት ነው።

የድሮ ጓደኛዬ ካሌርቮ ቢያየው ደስ ይለው ነበር ብዬ... ተውኩት።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 7

በረዶ ስጠርግ ዋልኩ። ወገቤ አለቀ። ሂልካ የዓሣ ሾርባ ሠርታ ጠበቀችኝ፣ ሁለት ሳህን በላሁ።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 9

ስልክ ጮኸ።

"አጎቴ ታውኖ፣ እኔ ነኝ፣ ማርኬታ።"

የካሌርቮ ልጅ። ድምፅዋን ከሰማሁ ዘጠኝ ዓመቴ። አርባ አምስት ዓመት የሞላት ሴት ናት እኮ፣ ግን አጎቴ ስትለኝ ያቺ ጉልበቴ ላይ ተቀምጣ ፍቅፋቂ እንጨት ስትቆጥር የነበረች ልጅ መጣችብኝ።

የአባቷ ዓይን እየጠፋ ነው። መሐሉ ጨልሞ ዳር ዳሩ ብቻ ነው የቀረው። ሐኪሙ ዳር ዳሩም ቢሆን ከበጋ አያልፍም ብሏል። ካሌርቮ "የማያይ ሰው ሃያ ሁለት ጠመንጃ ቤቱ አያስቀምጥም" ብሎ ሁሉንም ሊሸጥ ቆርጧል። ገዢው የሄልሲንኪ ሰው ነው። የያንዳንዱ ሰደፍ እንጨት ምን እንደሆነ፣ ምን ምልክት እንዳለው በዝርዝር ይጻፍልኝ ብሏል። ይህን የሚጽፍለት ሰው የለም።

"ደውዪለት አለሽ?"

"ኧረ እንዳትደውዪለት ነው ያለኝ። እሱን ስሰማ ነው መደወል እንዳለብኝ የገባኝ።"

ሳቅኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ለሂልካ ነገርኳት። ድንች እየላጠች ነበር፣ ቀና እንኳ አላለችም። "ታዲያ ምን ትጠብቃለህ፣ ቀብሩን?" አለች።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 10

ሳውና ውስጥ ብቻዬን ቆየሁ። እዚህ ደብተር ላይ እንኳ እውነቱን ልጻፍ። ማንን ልዋሽ?

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ የጠመንጃ ሰብሳቢዎች ማኅበራችን ስብሰባ። ሠላሳ ሰው አለ። ካሌርቮ አዲስ ያገኘውን ጠመንጃ ይዞ መጣ፣ ፊቱ በርቷል። ሰደፉ ከሁለት የተቀጠለ ነው። የኋላው ግማሽ የሩሲያ ዋልነት፣ የፊቱ የኛ አገር በርች፣ ጥርስ ለጥርስ ተገጣጥሞ። በጦርነቱ ጊዜ የተማረከ ጠመንጃ እንጨቱ ቢሰበር አይጣልም ነበር። የመሣሪያ ግምጃ ቤቱ አናጺዎች ደህናውን ግማሽ ያስቀሩና ከአዲስ ይቀጥሉታል።

"ይሄን የቀጠለው አባቴ ነው" አለ ካሌርቮ። አባቱ ቪልሆ እዚያ አናጺ ነበር። "ሌሎቹ መገጣጠሚያው ላይ አምስት ጥርስ ሲያወጡ እኔ ብቻ ሰባት አወጣ ነበር" እያለ ለልጁ ያወራለት ነበር። ካሌርቮም ዕድሜውን ሙሉ ሰባት ጥርስ ሲፈልግ ኖሮ አገኘ።

እኔ ተቀበልኩት። መነጽሬን አወረድኩ። መገጣጠሚያው ላይ ነጣ ያለ የሙጫ መስመር አየሁ። የድሮ ሙጫ ከአጥንትና ከቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣ ቡናማ ነገር ነው፣ ይህን ሁሉም አናጺ ያውቃል። ነጩ ሙጫ ፋብሪካችን የገባው ከጦርነቱ ብዙ ዘግይቶ ነው። እና...

"ይሄ አንዱ አጭበርባሪ ባለፈው ሳምንት ኩሽናው ውስጥ ያጣበቀው ነው" አልኩ።

ሰው ሳቀ። ካሌርቮ "አባቴ ግን..." ሲል "አባትህ ጉራ ይወድ ነበር እንዴ?" አልኩት። ይህንንም አልኩ። ሰው ይበልጥ ሳቀ፣ እኔም ሳቁ ጣፈጠኝ።

ጠመንጃውን ጠቅልሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሱቅ ውስጥ ስንገጣጠም አንገት ሰበር አድርገን እናልፋለን። ልክ ነኝ ብዬ ነዋ። ልክ የሆነ ሰው ምን ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል?

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 12

ሄድኩ። ሂልካ የድንች ኬክ ጠቅልላ አስያዘችኝ። "ባዶ እጅህን ከሄድክ ይዘህ የምትሄደው ያን አፍህን ብቻ ነው" አለች።

በሩን ራሱ ከፈተው። ፊት ለፊቴ ቆሞ "ማነው?" አለ።

"ታውኖ።"

"የቱ ታውኖ?"

"ስንት ታውኖ ታውቃለህ?"

"አንድ አውቅ ነበር" አለ። ከበሩ ገለል ብሎ "ግባ እንግዲህ፣ ብርዱን አታስገባብኝ" አለ።

አርጅቷል። እኔስ? ሊያየኝ ሲፈልግ እንደ ዶሮ ጎኑን ይሰጠኛል፣ በዳሩ ነው የሚያየኝ። ማርኬታ ቡና አፈላችና ሥራ አለኝ ብላ ወጣች። ሥራ የላትም፣ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ በመስኮት አይቻታለሁ።

ሥራ ጀመርን። እኔ እጽፋለሁ፣ እሱ ይዳስሳል። ማመን ያቅታል... አውራ ጣቱን ሰደፉ ላይ ሸርተት ያደርግና "በርች፣ የጦርነቱ ጊዜ፣ የችኮላ ሥራ፣ የመላጊያው ጠባሳ እዚህ አለ" ይላል። እኔ በሁለት ጤነኛ ዓይኔ ያላየሁትን። አንዱን በዋልነት ስጽፈው "ቀለም የተቀባ በርች ነው፣ ክብደቱን አትሰማም እንዴ?" ብሎ ነጠቀኝ። ልክ ነበር። እንደ ድሮው ተሰዳደብን፣ ደስ አለኝ።

ገና ያልጻፍናቸውን ጨምሬ ሃያ አንድ ቆጠርኩ። "ሃያ ሁለተኛውስ?"

"እሱ ዝርዝር ውስጥ አይገባም።"

"ለምን?"

"ለምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።"

ወረቀቶቼን ሰበሰብኩ። ስወጣ ግን "ሐሙስ ና፣ ሰባት ይቀሩናል" አለኝ። ሰባት መቅረታቸው ተመስገን።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 15

ሰባቱን ጨረስን። ኬኩን በላው፣ ለሂልካ አመስግንልኝ አለ።

ልሄድ ኮቴን ለብሼ... አልቻልኩም። "ያን አንዱን አሳየኝ" አልኩ። ተነሥቶ ከብረት ካዝናው ጥግ፣ ከሁሉም ኋላ፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። የብርድ ልብሱ ላይ አቧራ ነበር። ለሌሎቹ ጠመንጃዎች በየወሩ ዘይት የሚቀባ ሰው ነው። ይሄን ዘጠኝ ዓመት ነክቶት አያውቅም።

ብረቱን ከእንጨቱ አወጣሁ። ያኔ ስብሰባው ላይ ይህን አላደረግሁም፣ ከላይ አይቼ ነው የፈረድኩት። ጥርሶቹን ቆጠርኩ፣ ሰባት። ጥብቅ፣ ፀጉር አያስገባም። እኔ ራሴ እንዲህ እገጥማለሁ ብዬ አልምልም። ውስጥ በኩል፣ ብረቱ የሚተኛበት ቦይ ላይ፣ ፈስሶ የደረቀ ትንሽ ሙጫ አለ።

"ከዚህች ትንሽ ልፈልቅቅ?"

"ያሻህን አድርግ። አጭበርባሪ ያጣበቀው አይደል?"

ጥፍር የምታህል ፈለቀቅኩና በወረቀት ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩ።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 16

ጠዋት ያቺን የሙጫ ስባሪ ለሁለት ሰበርኳት። ግማሹን ለብ ባለ ውሃ ስኒ ውስጥ ጣልኩ። ከጎኑ በሌላ ስኒ ከዎርክሾፔ ያመጣሁትን የደረቀ ነጭ ሙጫ። ጠበቅኩ። ሬዲዮ ሰማሁ። ምንም ቃል ጆሮዬ አልገባም።

ነጩ ሙጫ ነጣ እንጂ ሽታ የለውም። የካሌርቮ ስኒ ግን... ሂልካን ጠራኋት። አሸተተች። "የተበላሸ አይብ። ምንድን ነው ኩሽናዬ ውስጥ የምታደርገው?"

አይብ።

ፋብሪካ ስገባ የነበረ አንድ ሽማግሌ አለቃ ትዝ አለኝ። በጦርነቱ ጊዜ ሥጋና ቆዳ ሲጠፋ ሙጫ ከወተት አይብና ከኖራ ይበጠበጥ ነበር ይል ነበር። ሲደርቅ ነጣ ይላል ይል ነበር። እኛ ወጣቶቹ "ሽማግሌው ጀመረው" እያልን እንስቅ ነበር። አልሰማሁትም። የሚያስተምረኝን ሰው ስቄበት፣ በኋላ ባለማወቄ ሌላ ሰው አሳቅኩበት።

ትናንት ያየሁት ሌላም ነገር አለ። እንዳይበሰብስ ተቀብቶ እንጨቱ የጠጣው የድሮ የጥድ ሬንጅ ከዋልነቱ ወደ በርቹ ሳይቋረጥ፣ በሙጫው ላይ አልፎ ሄዷል። ከተቀጠለ በኋላ ነው ሬንጅ የተቀባው። ባለፈው ሳምንት የተጣበቀ እንዲህ አይሆንም። ብረቱን አውጥቼ ብቻ ቢሆን ያኔውኑ አየው ነበር።

ተሳስቻለሁ። ቪልሆ ነው የሠራው።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 17

አልሄድኩም። ፈሪ።

እሁድ፣ ፌብሩዋሪ 18

ሄድኩ። ኮቴን ሳላወልቅ ነገርኩት። ስለ ሙጫው፣ ስለ ሬንጁ፣ ሁሉንም ቆሜ። "አባትህ ነው የሠራው። እኔ ነኝ ያላወቅኩት። ይቅርታ አድርግልኝ" አልኩ።

እንዲሰድበኝ ተዘጋጅቼ ነበር። መንገድ ላይ ስድቦቹን እንኳ ቆጥሬአቸዋለሁ፣ እሱ የሚያውቃቸውን ሁሉ።

"ያኔ የተቆጣሁ መስሎህ ነው?" አለ።

"አልተቆጣህም?"

"አፈርኩ እንጂ። አንተ እኮ ከማውቃቸው አናጺዎች ሁሉ የምትበልጥ ነህ። አንተ ውሸት ነው ካልክ ውሸት ነው አልኩ። አባቴ ዋሽቶኛል ማለት ነው አልኩ። ከዚያ ቁጭ ብዬ... ሌላስ ምን ዋሽቶኛል? ስለ ጦርነቱ? ስለ ሌላው ነገር ሁሉ? ዘጠኝ ዓመት ስለ እሱ ለማርኬታ አንድ ነገር ተናግሬ አላውቅም። ማውራት ስጀምር ያ ሳቃችሁ ይመጣብኛል።"

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጓደኛዬ አኮረፈኝ እያልኩ ለራሴ ሳዝን... ለካ አባቱን ነው የቀማሁት። ከኔ ይልቅ አባቱን ቢያምን ምን ነበረበት? እሱ ግን እኔን አመነ።

"ያቺን ስባሪ አምጣት" አለ።

የቀረችውን ግማሽ ሰጠሁት። ምራቁን እንትፍ አለባት፣ በጣቱ አሻት፣ አፍንጫው ሥር ያዛት። ደጋግሞ አሸተታት።

"አባቴ ከሥራ ሲመጣ እንዲህ ነበር የሚሸተው" አለ። "ስድስት ዓመቴ ነበር። እናቴ 'ዛሬም ከላሞቹ ጋር ነው የዋልከው?' እያለች ታበሽቀው ነበር። እኔ እኮ ከወተት ማከማቻ የሚመጣ ነበር የሚመስለኝ።"

ከዚያ ሳቀ። ሁለታችንም። የሱ ዓይን ያለቅሳል፣ የኔም።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 20

ሂልካ ጉዳዩ አላለቀም ትላለች። "ሠላሳ ሰው ፊት ነው የሰደብከው። ይቅርታውን ሳሎን ውስጥ ሹክ ብለህ ትገላገላለህ?" ከዚህች ሴት ጋር ስንት ዓመት... ልክ ያልሆነችበትን ቀን አላስታውስም። እሷ ባትኖር ምን ዓይነት ሰው ይወጣኝ ነበር? አላስበውም።

የጸደይ ስብሰባ ማርች 3 ነው።

ቅዳሜ፣ ማርች 3

ሃያ ስድስት ሰው። ከያኔዎቹ አራቱ ሞተዋል፣ ነፍስ ይማር። ካሌርቮ ከማርኬታ ጋር ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ተነሣሁ። ሰደፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ የወተቱን ሙጫ ነገር ተናገርኩ። ተራ የሙያ ትምህርት አድርጌ ልገላገል አሰብኩ፣ እውነቱን ልናገር። ከዚያ ካሌርቮን አየሁት... "የዛሬ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ቦታ ቆሜ የሞተ ሰው ጉረኛ ነው አልኩ። ጉረኛው እኔ ነበርኩ። ቪልሆ ሞይላኔን ይሄን ሰደፍ ቀጥሏል፣ ከኔ የተሻለ አናጺ ነበር" አልኩ።

ሊቀመንበራችን ሬይኖ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲያላግጥብኝ የኖረ፣ "ታውኖ ተሳስቻለሁ ሲል ሰማሁ፣ እንግዲህ ብሞትም አይቆጨኝም" አለ። ሳቁ። ይሄኛው ሳቅ ደስ ይል ነበር። ከዚያ አንድ በአንድ እየመጡ ጥርሶቹን ቆጠሩ፣ ካሌርቮም ለያንዳንዱ ስለ አባቱ አወራ። ማርኬታ ከኋላው ቆማ ትሰማለች። ግማሹን ሰምታው አታውቅም ነበር።

ሐሙስ፣ ማርች 8

ገዢው መጥቶ ሃያ አንዱን ወሰደ። ካሌርቮ እያንዳንዱን አንዴ እየዳበሰ አስረከበ። አላዘነም፣ ወይ ለኔ አላሳየኝም።

ሃያ ሁለተኛውን ምን እናድርገው? እሱ ጠመንጃ ቤቴ አያድርም ብሏል። እኔ ደግሞ ካሌርቮ ከዚህ ሰደፍ መለየት የለበትም አልኩ። ፖሊስ ጣቢያ ጠየቅን። ፈቃድ የምትጽፈው ልጅ ነገሩ ግር ብሏት ነበር፣ ግን ፈቃድ የሚያስፈልገው ለብረቱ ነው፣ እንጨቱ እንጨት ነው አለች። አለቀ። ብረቱ በኔ ስም ወደኔ ካዝና፣ እንጨቱ እሱ ቤት።

እንጨትና ብረት አታፋቱ እያልኩ ሃያ ዓመት ሰው የገሠጽኩ እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ ብሎኖቹን ፈታሁ። ካሌርቮ "ቀስ፣ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ዕቃ ነው" እያለ ያላግጥብኛል። ብረቱን ራቁቱን አስቀምጠዋለሁ። ሌላ ሰደፍ አላለብሰውም።

ከእንግዲህ ሐሙስ ሐሙስ እየሄድኩ ጋዜጣ ላነብለት ተስማማን። ስፖርቱን መጀመሪያ፣ የሞቱትን ቀጥሎ።

እሁድ፣ ኤፕሪል 15

ጠዋት ካሌርቮ ደወለ። "መኪናህ ትነሣለች?" አለ። "ወዴት?" "አባቴ ጋ።"

መንገድ ላይ ነገረኝ። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ከተደረገው ስብሰባ ወዲህ መቃብሩ ሄዶ አያውቅም። ገናም ሲሆን የመቃብሩን ሻማ ማርኬታ ናት የምታበራው። "ምን ብዬ ልሂድ? ዋሽተኸኛል ልበለው?" መንገዱ ብዥ አለብኝ፣ ሁለታችንም ሳናይ የምንሄድ እንዳንሆን አቁሜ ዓይኔን ጠረግሁ።

በረዶው ገና እስከ ጉልበት ነው። እሱ ክንዴን ያዘ። ቦታውን አላገኘሁትም፣ ሁለት የሌላ ሰው መቃብር ጠረግሁ፣ በሦስተኛው ቪልሆ ሞይላኔን የሚል ወጣ። አነበብኩለት። ኮፍያውን አወለቀ።

"አባዬ፣ እኔ ነኝ። ዘገየሁ" አለ።

ከዚያ በክርኑ ጎሸመኝ። "በል።"

"ምን ልበል?"

"ስብሰባው ላይ ያልከውን ነዋ። እሱ አልነበረም።"

ለድንጋይ ተናግሬ አላውቅም። ግራ ቀኝ አየሁ፣ ሰው የለም። እኔም ኮፍያዬን አወለቅኩ። "አባት፣ ታውኖ እባላለሁ፣ አናጺ ነኝ። ሥራዎን በወጉ ሳላይ ስምዎን አጠፋሁ። ሰባቱንም ጥርስ ቆጥሬአለሁ። አንዱም አልለቀቀም። ይቅር ይበሉኝ" አልኩ።

ካሌርቮ ክንዴን አጥብቆ ያዘ። "ሰምቷል" አለ። "በል እንሂድ፣ ጆሮዬ ቀዘቀዘ።"

ስንመለስ እስከ ቤቱ ድረስ ስለ አባቱ አወራልኝ። ግማሹ ጉራ ነበር። አንዱንም አላረምኩትም፣ ቀጥል አልኩት። በሕይወት እያለን ለዚህ ላደረሰን አምላክ ምስጋና ይግባው።